የመዝገቡ ጀርባ ባዶ አልነበረም

የድሮ የሥራ ባልደረባዬ መሠረት ከወረታ የደወለችልኝ ባሕር ዳር ሥልጠና እየሰጠሁ ሳለ ነው። ሃያ የሚሆኑ የመዝገብ ቤትና የኮምፒውተር ባለሙያዎች ፊት ቆሜ «አንድ ጽሑፍ አይረባም ብላችሁ ከመጣላችሁ በፊት የጻፈውን ሰው ፈልጋችሁ ጠይቁት፤ ሰውዬው በሕይወት ካለ ከማንኛውም ማሽን ይበልጣል» እያልኩ ነበር። ስልኬ ጠረጴዛው ላይ ተንቀጠቀጠ። አላነሳሁትም። ለሦስተኛ ጊዜ ስትደውል ይቅርታ ጠይቄ ወጣሁ።

«ሐዋ፣ ቁጭ ብለሻል?» አለችኝ።

«ቆሜያለሁ። ምንድን ነው? ንገሪኝ።»

«ጋሽ ይሁኔ አረፉ። ሦስት ቀን ብቻ ነው የታመሙት። ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቀብራቸው ነው፤ ከደረስሽ ነይ።»

ከባሕር ዳር ወረታ ሩቅ አይደለም። ሚኒባስ ይዤ ሐሙሲትን ካለፍኩ የቀረው ሜዳ ነው። መድረስ እችል ነበር። ፊቴን ታጠብኩና ተመልሼ ገብቼ ሥልጠናውን እስከ መጨረሻው ሰጠሁ። ሰልጣኞቹ ያቺን አባባሌን ደብተራቸው ላይ ጽፈዋታል፤ የኔ መስላቸዋለች። የጋሽ ይሁኔ ናት። ባልሰማኋት ጊዜ በእሳቸው ላይ ያደረስኩትን ለማንም ተናግሬው አላውቅም ነበር።

እኔ የደሴ ልጅ ነኝ። ከዩኒቨርሲቲ ወጥቼ ወረታ ስመደብ መጀመሪያ ያስቸገረኝ ሜዳው ነው፤ ገደል ሥር ያደገ ሰው ዓይኑን የሚያሳርፍበት ነገር ያጣል። የመሥሪያ ቤቱን ስም አልጠራም፤ ጥፋቱ የኔ ስለሆነ የማንንም ስም መጥራት አያስፈልገኝም። ሥራችን የገበሬዎችን የመሬት ይዞታ መዝገብ ከወረቀት ወደ ኮምፒውተር ማስገባት ነበር። ጋሽ ይሁኔ ደግሞ የመዝገብ ቤቱ ጠባቂ ነበሩ፤ ይህን ሥራ የያዙት እኔ ሳልወለድ ነው።

ረዥም ቀጭን ሰው ናቸው። ከስምንተኛ ክፍል በላይ አልተማሩም። እርሳሳቸው በክር ከኮታቸው የቁልፍ ቀዳዳ ጋር የታሰረች ናት፤ እንዳትጠፋ ሳይሆን ማንም እንዳይዋሳት ነው። የመጀመሪያ ቀን መዝገብ ቤቱን ሲያስጎበኙኝ የመደርደሪያዎቹ እግሮች በሙሉ በቆርቆሮ ውስጥ ቆመው አየሁ። ቆርቆሮዎቹ የተቃጠለ የመኪና ዘይት ሞልተዋል።

«ይኸ ምንድን ነው ጋሽ ይሁኔ?» አልኳቸው።

«የምስጥ ወንዝ ነው። ዋና አይችልም» አሉኝ።

እንዲህ ነበሩ። ሳይስቁ ነው የሚያስቁት። ገበሬ መጥቶ ስሙን ሳይናገር የአባቱን ገጽ ያውቁታል። «ያንተ አራተኛው መዝገብ ላይ ነው፣ ጥጓ የተቀደደችው ገጽ። የቀደዳት አጎትህ ነው፤ ሲፈርም እጁ ከብዶት» ይላሉ። እኔ ኮምፒውተሩ እስኪከፈት ስጠብቅ እሳቸው መዝገቡን ዘርግተው ሰውየውን ሸኝተውታል። ከዚያ ወደኔ ዘወር ይሉና «ተነሣልሽ?» ይሉኛል፤ ኮምፒውተሩን እንደታመመ በሬ ነው የሚጠይቁልኝ።

ወረታ ያለችበትን የፎገራ ሜዳ በክረምት ያላየ ሰው የጋሽ ይሁኔን ሥራ አይረዳውም። ርብና ጉማራ የሚባሉት ወንዞች ሲሞሉ ከአፋቸው ወጥተው ሜዳው ላይ ይተኛሉ። ውሃው ሲሸሽ ደለሉን ትቶ ይሄዳል። ደለሉ ለሩዙ፣ ከሩዙም በኋላ ለሚዘራው ጓያ ሲሳይ ነው፤ ግን የወሰን ድንጋዩ ከሥሩ ተቀብሮ ይቀራል። መስከረም ላይ ጎረቤትና ጎረቤት የሚጣላው በዚህ ነው። ጋሽ ይሁኔ ያን ጊዜ ከሽማግሌዎች ጋር ይወጣሉ። ካልተቀበረ ነገር ይነሡና፣ ከዋርካ ይሁን ከቤተ ክርስቲያን ቅጥር፣ በእርምጃቸው ይቆጥራሉ። ሁለቱ ወገኖች እሺ ሲሉ ድንጋዩ እንደገና ይተከላል፤ እሳቸው ተመልሰው መጥተው ቁጥሩን የሰውየው ገጽ ጀርባ ላይ በእርሳስ ይጽፉታል። ዛፍ ካለ ዛፉንም ይሥላሉ። ሥዕላቸው የሕፃን ልጅ ሥዕል ነው፤ ዋርካው ሁሉ እግር ያለው ጎመን ይመስላል። እኔና መሠረት ስንት ቀን ሥቀንባቸዋል።

ለምን በጀርባው፣ ለምንስ በእርሳስ ብዬ ጠይቄያቸው ነበር።

«ፊቱ የመንግሥት ነው፤ ማኅተም አለው፣ ፊርማ አለው፣ እኔ አልነካውም። ጀርባው የመሬቱ ነው። መሬቱ ደግሞ ክረምት በመጣ ቁጥር ይታመማል» አሉኝ። ስለ እርሳሱ ደግሞ «ቀለም ይኮራል፣ እርሳስ ይኖራል» አሉና ጣራው ያፈሰሰበትን አንድ የድሮ ገጽ አወጡልኝ። ፊቱ ላይ ያለው ሰማያዊ ቀለም እንደ ዕንባ ወርዶ ምኑም አይነበብም፤ ጀርባው ላይ የእርሳሱ ጽሑፍ እንዳለ ነው። ያን ቀን ማስታወሻዬ ላይ ጽፌው ነበር። መጻፍ ማወቅ እንዳልሆነ የገባኝ በኋላ ነው።

ምሳ አብረን ነበር የምንበላው። እኔ ሙስሊም፣ እሳቸው ክርስቲያን ነን፤ ሥጋ ላይ ስንደርስ ማዕዳችን ይለያያል። ስለዚህ ከእኔ ጋር ሲሆኑ ሁሌ ሽሮ ነው የሚያዙት፤ ከሩዝና ከጤፍ በተጋገረው የወረታ እንጀራ። መጀመሪያ ጾም መስሎኝ ነበር። ፋሲካ ካለፈ በኋላ፣ ክርስቲያን ሁሉ ሥጋ በሚበላበት በዚያ ሃምሳ ቀን አስተናጋጇ «ጋሽ ይሁኔ፣ ጥብስ ላምጣ?» ስትላቸው «ሽሮ» አሉ። «ጾም ተፈቷል እኮ» አለቻቸው። «ተፈቷል። ለብቻ መብላት ግን አልተፈታም» አሏት። እኔ አንገቴን ደፋሁ። ከሰው አገር መጥቼ እንደዚያ ቀን የሰው ልጅ መሆኔ ተሰምቶኝ አያውቅም። ሁለት ዓመት ተኩል እንዲህ በላን።

ገጾቹን በማሽን እያነሡ ስካን ማድረጉ ከመጀመሩ በፊት ለሁለት ሳምንት ሥልጠና ተሰጠን። ኮምፒውተር የምናውቀው፣ መሬት ለኪዎቹ፣ የግብርና ባለሙያዎቹ፣ የመዝገብ ሠራተኞቹ አንድ አዳራሽ ውስጥ ገባን፤ ሐሳቡ አንዳችን የሌላችንን ሙያ እንድናውቅ ነበር። እውነት ለመናገር ሁላችንም የየራሳችንን ቋንቋ ስናወራ ነው የከረምነው። ጋሽ ይሁኔ ከኋላ ተቀምጠው ያዳምጡ ነበር። በመጨረሻው ቀን አሠልጣኙ የመዝገቡን ገጽ በግድግዳው ላይ አብርቶ የትኛው መስመር የት እንደሚገባ ሲያሳይ እጃቸውን አወጡ።

«ጀርባውስ?» አሉ።

«የምን ጀርባ አባባ?»

«የገጹ ጀርባ ነዋ። እዚያም ላይ ጽሑፍ አለ።»

አሠልጣኙ ክፉ ሰው አልነበረም። ፈገግ አለና «ማኅተምና ፊርማ የሌለበት ጽሑፍ ለጊዜው መረጃ አንለውም። እሱን በኋላ እንመለስበታለን» አለ። ሳይመለስበት ሥልጠናው አለቀ፤ ምስክር ወረቀት ተሰጥቶን ፎቶ ተነሣን። ስንወጣ ጋሽ ይሁኔ ክንዴን ያዝ አደረጉና «ሐዋዬ፣ አንቺ ግን ጀርባውንም ታስገቢዋለሽ አይደል? የማይነበብሽ ካለ ጠይቂኝ። እኔ አለሁ፤ በሕይወት ያለ ሰው ከማሽን ይበልጣል» አሉኝ። እሺ አልኳቸው።

አንድ ሳምንት ያህል አድርጌዋለሁ። ፊቱንም ጀርባውንም። ግን በቀን ይህን ያህል ገጽ ይለቅ የሚል ትእዛዝ መጣ፤ ጀርባውን ይዤ የትም አልደርስም። ማሽኑ ባዶ ገጽ እንዲዘል የሚያደርግ አንድ ማዘዣ ነበረው። እሱን ካበሩት ጽሑፍ የሌለበትን ገጽ ራሱ ለይቶ ይተወዋል። ሞከርኩት። የጋሽ ይሁኔ እርሳስ ስስ ስለሆነች ማሽኑ አላያትም፤ ጀርባውን ሁሉ ባዶ ነው ብሎ ተወው። እኔ ግን አይቻለሁ። ገጾቹን በእጄ የማገላብጠው እኔ ነኝ፤ ቁጥሮቹን አይቻለሁ፣ ዋርካዎቹን አይቻለሁ። ለጊዜው ነው፣ ፊቱ ይለቅና ወደ ጀርባው እመለሳለሁ ብዬ ማዘዣውን እንደበራ ተውኩት። በእያንዳንዱ መዝገብ መጨረሻ ላይ «ከዋናው ጋር ተመሳክሯል» ብዬ ፈረምኩ። ከሁሉም ቀድሜ ጨርሼ ምስጋና የተሰጠኝ ለዚህ ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እኔ ያፈሰስኩት ግን የሚለቀም አልሆነም።

በዚያው ዓመት ጋሽ ይሁኔ በጡረታ ተሰናበቱ። ስካን የተደረጉት መዝገቦች ቦታ ያጣብባሉ ተብሎ ከከተማው ዳር ወዳለ፣ ቀድሞ ሩዝ ይከማችበት ወደነበረ መጋዘን ተወሰዱ። መሬት ላይ ነው የተደረደሩት። ጋሽ ይሁኔ ሰምተው መጡና «መሬት ላይ አታስቀምጡ፣ ምስጥ አለ፤ እባካችሁ ቆርቆሮዎቹን ልውሰድላችሁ» ብለው ለመኑ። «ኮምፒውተር ውስጥ ገብቷል እኮ ጋሽ ይሁኔ፣ አያስቡ» ተባሉ። ያንን ያልኳቸው እኔ ነኝ።

በዓመቱ አንድ መዝገብ ተፈልጎ ከእሳቸው ጋር ወደ መጋዘኑ ሄድን። ከውጭ ሲያዩዋቸው መዝገቦቹ ደህና ናቸው፤ ቆዳ ልባሳቸው አልተነካም። ጋሽ ይሁኔ አንዱን አንሥተው ሲከፍቱት ከውስጡ አፈር ፈሰሰ። ሁለተኛውን ከፈቱ፤ አፈር። ሦስተኛውን አልከፈቱትም። እጃቸውን ላዩ ላይ አሳርፈው ቆዩና «ደግነቱ አንቺ ዘንድ አለ» አሉኝ። እኔ ያን ጊዜ ነበር መናገር የነበረብኝ። ግን «አዎ» አልኩ።

ከዚያ የእማማ የሺ ነገር መጣ። እማማ የሺ ርብ አጠገብ ትንሽ የሩዝ ማሳ ያላቸው ባልቴት ናቸው። ደለሉ ድንጋያቸውን ቀብሮት ጎረቤታቸው ድንበር አልፎ አረሰባቸው። ወሰኑ ከዋርካው ሃምሳ እርምጃ ላይ ነው ይላል፤ እሳቸው ከዚያ ያልፋል ይላሉ። ጉዳዩ ለአጣሪ ኮሚቴ ቀረበ። ጋሽ ይሁኔ በምስክርነት ተጠሩ፤ ዋናው መዝገብ በምስጥ ስላለቀ እኔ ደግሞ ኮምፒውተሩን እንድከፍት ተቀመጥኩ። የኔ ኮንትራት ሊያልቅ ሁለት ሳምንት ቀርቶት ነበር፤ የሚያድሰውም የኮሚቴው ሰብሳቢ ነው።

«አቶ ይሁኔ፣ ወሰኑ የት እንደሆነ በምን ያውቃሉ?» አላቸው ሰብሳቢው።

«በእግሬ ለክቼዋለሁ። ከዋርካው ወደ ወንዙ ሰባ ሁለት እርምጃ ነው። የየሺ ገጽ ጀርባ ላይ ጽፌዋለሁ፤ ዋርካውንም ሥዬዋለሁ።»

«ክፈቺው» አለኝ።

ከፈትኩት። የእማማ የሺ ገጽ ፊቱ ወጣ፤ ስም፣ ማኅተም፣ ፊርማ። «የሚቀጥለውን» አለ። የሚቀጥለው የሌላ ሰው ገጽ ፊት ነበር።

«ጀርባው የታለ?»

«የለም» አልኩ።

«ማሽኑ ገጽ ይዘላል እንዴ?»

ሁሉም አዩኝ። ጋሽ ይሁኔ ግን እኔን አልነበረም የሚያዩት፤ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ስክሪን ነበር፣ አሁን ይመጣል ብሎ እንደሚጠብቅ ሰው። የዚያን ገጽ ጀርባ አስታውሰዋለሁ። ዋርካው ከሌሎቹ ሁሉ የባሰ ስለነበር መሠረትን ጠርቼ አሳይቻታለሁ። ሥሩ ሰባ ሁለት የሚል ተጽፎበታል።

«ባዶ ገጽ ብቻ ነው የሚዘለው» አልኩ።

ከጎረቤትየው ወገን አንዱ «እርጅና ነው፣ አይፈረድባቸውም» አለ። ሌላው «ከየሺ ጋር ይዛመዳሉ መሰለኝ» አለ፤ ሳቁ። ጋሽ ይሁኔ ኮታቸውን ዳበስ ዳበስ አደረጉ። «እንግዲህ…» አሉ፤ «እንግዲህ ሐዋ ካለች፣ እሷ ያየችውን ነው የምትናገረው» ብለው ተቀመጡ። እማማ የሺ ሲወጡ አጠገባቸው ቆሙና «እኔስ የሄደው መሬቴ ነው። አንተ ምን ሆንህ ይሁኔ?» አሏቸው።

ወሰኑ ሃምሳ ላይ ተወሰነ። ኮንትራቴ ታደሰ። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይላሉ፤ እኔ ግን ዝምም አላልኩ፣ ተናግሬ ነው የቀበርኳቸው።

ከዚያ በኋላ ለወሰን ጉዳይ የሚጠራቸው ጠፋ። መስከረም መጣ፣ ውሃው ሸሸ፣ ሽማግሌዎቹ ያለ እሳቸው ወጡ። ሰዎች ግን ዋርካው ሥር ያዩዋቸው ነበር። ብቻቸውን ከዋርካው ተነሥተው ወደ ወንዙ እየቆጠሩ ይሄዳሉ፣ ተመልሰው ደግሞ ከመጀመሪያው ይቆጥራሉ። እርምጃቸው ከዕድሜ ጋር አጥሮ አንዴ ሰባ ስድስት ይመጣባቸዋል፣ አንዴ ሰማንያ። እኔ የምሳ ሰዓቴን ቀየርኩ፤ ላለማግኘት።

አንድ ቀን ምሳ ቤቱ በር ላይ ቆመው ጠበቁኝ። ገባን። ሽሮ አዘዙ። ሁለት ጉርሻ እንኳ ሳይበሉ እጃቸውን መለሱ።

«ሐዋዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። እንዳታፍሪኝ።»

«ይጠይቁኝ።»

«ሳልጽፈው ቀርቼ ይሆን እንዴ?»

እኔ እንጀራውን መቆራረስ ያዝኩ።

«ዋርካውን ስሥል ትዝ ይለኛል። ቅርንጫፉ ላይ እርሳሴ ተሰብራ በጥርሴ ነው የቀረጽኳት። ፊት ለፊቴ ነው የሚታየኝ። ደግሞ ላስበው ስል፣ ማሽኑ አይዋሽ፣ አንቺም አትዋሺኝ። ታዲያ ያ ሁሉ በሕልሜ ነው? ሌላ ያልጻፍኩትስ ጻፍኩ የምለው ስንት ነው? በጠላ ቤት የሚሉት አይገደኝም። ራሴን አላምነው አልኩ፤ እሱ ነው የከበደኝ።»

አንድ ቃል ነበር የሚበቃቸው። ጽፈውታል፣ አይቼዋለሁ፣ የዘለልኩት እኔ ነኝ። ለሰብሳቢው ባይሆን፣ ለኮሚቴው ባይሆን፣ ለእሳቸው ብቻ፣ በዚያች ጠረጴዛ ላይ። ሌላ ሰው አልነበረም። ቢያውቁ ማንም ጋ አይከሱኝም ነበር፤ ይህን እርግጠኛ ነኝ። ያቃተኝ ፊታቸው ሲለወጥ ማየት ነው። ከደሴ መጥቼ ያገኘሁት አባት እሳቸው ነበሩ፤ እንዲጠሉኝ አልፈለግኩም። እንዳይጠሉኝ ብዬ ምን አልኳቸው?

«ዕድሜ ነው ጋሽ ይሁኔ። ሁሉም ሰው ይረሳል።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። ቀስ ብለው፣ ብዙ ጊዜ። ከዚያ ሽሮውን ወደኔ ገፋ አደረጉና «ተባረኪ። ሌላ ሰው እውነቱን አይነግረኝም ነበር» አሉኝ።

ብዙ ሳልቆይ ባሕር ዳር የአሠልጣኝነት ሥራ አገኘሁ። ፈጥና ሠርታለች የሚለው ያ ምስጋና ነው ያስገባኝ። መረጃ እንዴት ተለይቶ ተጣርቶ ለልጅ ልጅ እንደሚቀመጥ አስተምራለሁ። መሠረት በስልክ የጋሽ ይሁኔን ነገር ትነግረኝ ነበር፤ ከቤት አይወጡም፣ ጭንቅላታቸውን አሟቸዋል ይባላል፣ ባለቤታቸው እትዬ ሙሉ ወንዛዬ ፍል ውሃ ወስደዋቸው ነበር፣ ጠበልም አስጠምቀዋቸው ነበር። እኔ «ያሳዝናል» እላታለሁ። በሚመጣው ወር ሄጄ እነግራቸዋለሁ እያልኩ ዓመት አለፈ።

በሠልስቱ ቀን ሄድኩ። አስቀድሜ የገባሁት መሥሪያ ቤቱ ነው፤ ለቅሶው ቤት ከደረስኩ በኋላ ወኔ እንደማይኖረኝ አውቀዋለሁ። የሆነውን ሁሉ ጽፌ፣ የእማማ የሺ ገጽ ጀርባ ላይ ያየሁትንም ጽፌ፣ ፈርሜበት አስገባሁ። የተቀበለኝ ሰው አንብቦት ቀና ብሎ አየኝ። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ አሉ» አለኝ። ልክ ነው አልኩት። ጉዳዩ እንደገና ይታያል አለ፤ የእማማ የሺ መሬት ይመለስ አይመለስ ገና አላውቅም።

ድንኳኑ ውስጥ ሰው ሞልቶ ነበር። ያላመኗቸውም ተቀምጠዋል፤ ስለ ደግነታቸው እየተናገሩ። እትዬ ሙሉ ገና ሲያዩኝ ተነሡና አቀፉኝ። «መጣሽ የኔ ልጅ። ሲያነሣሽ ነበር። ‹ሐዋ ናት ያልደበቀችኝ› ይል ነበር» አሉኝ። ብቻዎን ላናግርዎት አልኳቸው። ወደ ጓዳ ወሰዱኝና አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥን።

ነገርኳቸው። ማሽኑን፣ ጀርባውን፣ ኮሚቴውን፣ የምሳውን ቀን፣ ሳልደብቅ፣ ሳላሳምር። እያለቀስኩ ነበር የምናገረው፤ እሳቸው አላለቀሱም። እንዲጮሁብኝ፣ እንዲያስወጡኝ ጠብቄ ነበር። ስጨርስ ነጠላቸውን አስተካከሉ።

«ጽፎታል በይኛ» አሉኝ።

«አዎ። በዓይኔ አይቼዋለሁ።»

«ጭንቅላቱ ደህና ነበር?»

«ከማናችንም የተሻለ ነበር እትዬ ሙሉ።»

ዓይናቸውን ወደ በሩ መለሱ። በሩ ላይ ከውጭ የሚቆለፍ አዲስ መቀርቀሪያ ተመትቶበታል።

«የቤቱን ቁልፍ ከእጁ ነጥቄው ነበር እኮ» አሉ። «እንዳይጠፋብኝ ብዬ ከውጭ ቆልፌበት ነው ገበያ የምሄደው። ‹ሙሉዬ፣ አትቆልፊብኝ፤ መንገዱን አውቀዋለሁ› ይለኝ ነበር። እኔ ደግሞ፣ ‹ዝም በል፣ አንተ ምን ታውቃለህ› እለው ነበር።»